ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት በድራማችን ውስጥ ምን ትፈልጋለች?

ባሕር ዳር ውስጥ ማታ ቴሌቪዥን ከፍቶ ተከታታይ ድራማ የሚያይ ሰው ሃምሳ ዓመት ያለፋትን ሴት አያጣትም። ነጠላዋን አጣፍታ የታመመ ልጇ አልጋ አጠገብ ተቀምጣለች። ወይም ረከቦት ፊት ሆና ቡና እየቀዳች ሌሎች ሲያወሩ ትሰማለች። ወይም ምራቷን ከቤት ለማስወጣት ነገር ትጎነጉናለች። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ ታለቅሳለች ወይም ትራገማለች። ከዚያ ካሜራው ወደ ወጣቶቹ ይመለሳል።

ስለዚህ "በዕድሜ የበሰሉ ሴቶች በኪነ ጥበቡ ውስጥ የሉም" የሚለው ወቀሳ ሙሉውን አይናገርም። አሉ። የጠፋው ፍላጎታቸው ነው። እናትየዋ ልጇ እንዲድን ትፈልጋለች። ልጇ ጥሩ ሚስት እንዲያገባ ትፈልጋለች። ጥሏት የሄደው ባሏ እንዲመለስ ትፈልጋለች። ለራሷ ግን ምንም አትፈልግም። ንግድ መጀመር፣ መማር፣ መውደድ፣ መሾም፣ መበቀል፣ ቤቱን ጥሎ መሄድ የእሷ ጉዳይ አይደለም። ይህ ሁሉ ለሃያ አምስት ዓመቷ ልጅና ለሃምሳ ዓመቱ ወንድ የተተወ ነው።

ይህ ደግሞ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ድራማ የሚንቀሳቀሰው በፍላጎት ነው። አንድ ነገር አጥብቆ የሚፈልግ ገጸ ባሕርይ መንገድ ይወጣል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ይሸነፋል። ስለዚህ ብዙ ትዕይንት ይጻፍለታል። ምንም የማይፈልግ ገጸ ባሕርይ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። ትዕይንቷ ያነሰ ተዋናይት የቀረጻ ቀኗ ያንሳል፤ የቀረጻ ቀኗ ሲያንስ ክፍያዋም ያንሳል። ፖስተር ላይ ፊቷ አይወጣም። ፖስተር ላይ ያልወጣች ተዋናይት ደግሞ ማስታወቂያ አይመጣላትም። መነሻው ደራሲው ቁጭ ብሎ ሲጽፍ "እኚህ ሴትዮ ለራሳቸው ምን ይፈልጋሉ?" ብሎ አለመጠየቁ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሜሪል ስትሪፕ አርባ ዓመት ሲሞላት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የጠንቋይ ሚና ቀርቦላት እንደነበር ተናግራለች። ሌላዋ አሜሪካዊት ተዋናይት ማጊ ጂለንሃል በ37 ዓመቷ የ55 ዓመት ሰው ፍቅረኛ ሆና ለመጫወት "ዕድሜሽ አልፏል" መባሏን እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ አድርጋለች። ሰውየው አላረጀም፤ እሷ አረጀች። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ትንተና 2,000 ያህል የፊልም ድርሰቶችን ወስዶ ማን ስንት ቃል እንደሚናገር ቆጠረ። ሴቶች ከሚናገሩት ውስጥ 38 በመቶው ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 31 ለሆኑ ሴቶች የተሰጠ ነው። ከ42 እስከ 65 ላሉት የቀረው 20 በመቶ ነው። ወንዶቹ ጋ ስንሄድ ከ42 እስከ 65 ያሉት 39 በመቶውን ይዘዋል። ወንዱ ሲበስል ንግግሩ ይጨምርለታል፤ ሴቷ ስትበስል ዝም እንድትል ይደረጋል።

በመሪ ተዋናይነት ደግሞ ክፍተቱ ይብሳል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአኔንበርግ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ከፍተኛ ገቢ ያስገቡትን 100 ፊልሞች ፈትሸው ነበር። ዕድሜዋ 45 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሴት የመራቻቸው 3 ብቻ ሆነው ተገኙ። በዚያው ዕድሜ ያሉ ወንዶች የመሯቸው 32 ናቸው።

ተዋናይቷ ጂና ዴቪስ የመሠረተችው ተቋም ለዚህ ቀላል መመዘኛ አለው። በፊልሙ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነች ቢያንስ አንዲት ሴት አለች ወይ? ብትወጣ ታሪኩ ይጎድላል ወይ? እንደ ሰው ተሥላለች ወይስ እንደ ማሾፊያ? ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጀርመን የተመረጡ እ.ኤ.አ. የ2019 ፊልሞች በዚህ ሲለኩ ያለፈው ከአራቱ አንዱ ብቻ ነበር። መመዘኛውን ዛሬ ማታ በምታዩት ድራማ ላይ ሞክሩት። እናትየዋን ከታሪኩ አውጧት። ድራማው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? እኔ ስሞክረው አብዛኛው ጊዜ ይቀጥላል።

የቴሌቪዥን አቅራቢዎች ላይም ያው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሚርያም ኦራይሊ የተባለች አቅራቢ ከቢቢሲ ፕሮግራሟ የተነሳችው በዕድሜዋ ምክንያት መሆኑን አስረድታ እ.ኤ.አ. በ2011 ፍርድ አግኝታለች። ዜና የሚያነበው ወንድ ጸጉሩ ሲሸብት ግን "ልምድ አለው" ይባላል።

እንግዲህ ወደ ጣና እንመለስ። ባሕር ዳር ላይ ቁጭ ብሎ "ስለ በሰለች ሴት የሚጻፍ ታሪክ የለም" የሚል ደራሲ ካለ፣ ጀልባ ይዞ ደቅ ደሴት ይሂድ። እዚያ ናርጋ ሥላሴ አለች። ከእመቤታችን ሥዕል ሥር፣ እግሯ ላይ ተደፍተው የተሣሉ አንዲት ሴት ይታያሉ። እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኗን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እሳቸው ናቸው።

ከጣና በስተ ምዕራብ ያለችው ቋራ አገራቸው ናት። ባላቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ምንትዋብ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ገዙ። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1755 ሲሞት የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን አነገሡ። ያኔ ሃምሳ ዓመት ገደማ ነበሩ። በዛሬው ድራማ ቢሆን ቡና ማፍያው ዘንድ በተቀመጡ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ተመልከቱ። የኢዮአስ እናት፣ ማለትም የምንትዋብ ምራት ውቢት፣ ልጄ ነው ንጉሡ ብላ ሥልጣኑን ለራሷ ወገን ፈለገች። የምንትዋብ የቋራ ዘመዶች አንድ ወገን፣ የውቢት የወሎ ኦሮሞ ዘመዶች ሌላ ወገን ሆነው ቤተ መንግሥቱ ተከፈለ። የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ተጠርተው መጡ። ነገሩ በኢዮአስ መገደል አለቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1769 ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በዓመቱ ጎንደር ሲደርስ ምንትዋብን በሕይወት አግኝቷቸዋል። ልጅ ቀብረው፣ የልጅ ልጅ ተገድሎባቸው፣ አሁንም የሚፈሩና የሚከበሩ ሴት ነበሩ።

አማትና ምራት ናቸው እንግዲህ። ድራማዎቻችን የማይጠግቡት ጠብ ይህ ነው። ልዩነቱ እነዚህ ሴቶች የተጣሉት በወጥ ጨው ሳይሆን በመንግሥት መሆኑ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉትን ያውቃሉ፤ ሁለቱም ለሚፈልጉት ዋጋ ከፍለዋል። ከነገረኛዋ አማት ላይ ይህን ፍላጎት ስንነጥቃት የሚቀረው ክፋት ብቻ ነው። ምክንያት የሌለው ክፋት ደግሞ ለተዋናይቷም አሰልቺ ነው፤ የምትይዘው ነገር የላትም።

ምንትዋብ ሌላም ነገር ፈልገዋል። ከአፄ በካፋ ሞት በኋላ ከእሳቸው በዕድሜ የሚያንስ የንጉሡ ዘመድ የሆነ መስፍን ወደዱ። ልጆችም ወለዱለት። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ለሰውየው የማሾፊያ ቅጽል አወጡለት። ከዚያ ወዲህ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ነው፤ የእኛ ፊልሞች ግን አሁንም እነዚያ አሽሟጣጮች የቆሙበት ቦታ ቆመዋል። በዕድሜ የገፋች ሴት ፍቅር ስትፈልግ ወይ ታስቃለች ወይ ትቀጣለች። ሀብታም ከሆነች "ሹገር ማሚ" ትሆናለች፤ ወጣቱ ገንዘቧን በልቶ ይከዳታል፤ ተመልካቹም "ይበላት!" እንዲል ይጠበቃል። ስልሳ ዓመት የሞላው ነጋዴ የልጁን እኩያ ሲያገባ ግን የፊልሙ ማስጌጫ ነው።

"ይህ ባህላችን ነው፤ እናትን ስለምናከብር ነው እንዲህ የምንሥላት" የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ቅን መልስ ነው፤ በቁም ነገር መታየት አለበት። እናት በእኛ ዘንድ ክብሯ ትልቅ መሆኑ እውነት ነው። እናት ስታለቅስ በቴሌቪዥን ማየት የማያባባው የለም። ግን ያው ባህል ሴት ስታረጅ አፏን አልዘጋም። እንዲያውም አንደበቷን የሚፈታው ያኔ ነው። በጎጃምም በጎንደርም ገጠር ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ እንደሆነ ሙሾ የሚያወርዱት እነማን ናቸው? የሟችን ዘር ቆጥረው፣ ደግነቱን አንስተው፣ በመሀል ቂም ያለውን ሰው በሁለት ስንኝ ወግተው ሕዝቡን የሚያስለቅሱት የበሰሉ ሴቶች ናቸው። አልቃሽ እንድትሆን ሃያ ዓመቷን ልጅ ማንም አይጠራም፤ ገና ስላላየች። ቅኔ ቤትም ቢሆን ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚሁ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶችን ቅኔ አስተምረዋል። ባህሉ ቃልን ለዕድሜ ይሰጣል። ቃልን ከዕድሜ የሚነጥቀው ካሜራው ነው። ስለዚህ "ባህላችን ነው" ሲባል እኔ አልስማማም።

ክብሩ ራሱ አንዳንዴ መዝጊያ በር ይሆናል። እናት የተከበረች ስለሆነች አትቆጣም፣ አትመኝም፣ አትሳሳትም። ስህተት የማትሠራን ሴት መጫወት ለተዋናይት ትልቅ ቅጣት ነው። ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ የቆየችን ባለሙያ አምጥቶ "እዚህ ጋ ቁጭ ብለሽ አልቅሽ" ማለት ክብር መስጠት አይደለም።

የባሕር ዳር የባህል ምሽት ቤቶችስ? እዚህ ሁኔታው ትንሽ ይለያል፤ ግን ብዙም አይለይም። አዝማሪ ቤት ሙያው ግጥም ነው። እንግዳው ሲገባ መልኩን፣ አለባበሱን፣ ኩራቱን አይቶ ወዲያው መግጠም ይጠይቃል። ይህን አሳምራ የምትችለው ዓመታት የሠራች ሴት ናት፤ የሰውን ፊት ታነባለች፣ ሰምና ወርቁ አይጠፋባትም። ቤቱ ግን ፊት ለፊት የሚያቆመው ወገቧ ቀጭን የሆነችውን እስክስታ ተጫዋች ነው። ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር ወደ ወጣቷ ይሄዳል። በሥራው መደበኛ ደመወዝና ጡረታ የተለመደ ስላልሆነ፣ ሽልማት የቀነሰባት ሴት ሌላ መተማመኛ የላትም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉን የያዘው ግጭት የምሽቱን ሥራ ሲያቀዘቅዘውና ቱሪስቱን ሲያስቀረው ደግሞ ቀድመው የሚቀነሱት ማን እንደሚሆኑ መገመት አይከብድም።

ከስክሪን ውጭ ያለው አያያዝም የዚሁ ቅጥያ ነው። አንጋፋ ሴት አርቲስት መገናኛ ብዙኃን የሚያስታውሳት በሦስት አጋጣሚ ነው። በበዓል፣ በሕመም እና በሞት። በበዓል ቀሚስ ለብሳ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች፤ ድሮ እንዴት እንደነበረ ትጠየቃለች። ዛሬ ምን እየሠራሽ ነው፣ ነገስ ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያላገባች ከሆነች ለምን እንዳላገባች ትጠየቃለች። ስትታመም ካሜራው አልጋዋ ድረስ ይገባል፤ የባንክ ሂሳብ ቁጥሯ ይለጠፋል። ሕዝቡ ይረዳል፤ ለዚህ ሕዝብ ምስጋና ይገባዋል። ግን ለሕክምናዋ የሚለመንላት ሴት በጤናዋ ዘመን ሥራ ብታገኝ ኖሮ ልመናው ባላስፈለገ ነበር። የሚያመኝ ይህ ነው።

አስናቀች ወርቁን አስቡ። ሴት መድረክ መውጣቷ እንደ ነውር በሚቆጠርበትና ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው በሚተውኑበት ዘመን መድረክ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ናቸው። ክራራቸውን የማያውቅ የለም። ዘፈኖቻቸው ለዓለም ገበያ በሲዲ ተሰብስበው የወጡት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አረፉ። ስለ ሕይወታቸው የተሠራው ረጅም ዘጋቢ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ካረፉ በኋላ ነው። የፒያኖዋ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በዓለም የታወቁበት አልበም ሲወጣ እ.ኤ.አ. 2006 ነበር፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸው ዕድሜ ሰጣቸውና እስከ 2023 ኖረው ስማቸው ሲጠራ ሰሙ። ሁለቱንም ግን ለዓለም ያስተዋወቃቸው የአገር ውስጥ አሳታሚ ሳይሆን የፈረንሳይ አሳታሚ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ፕሮዲውሰሮች የሚሰጡት ምክንያት አንድ ነው፤ "ስፖንሰሩ ወጣት ፊት ይፈልጋል፤ ተመልካቹም ወጣት ነው" ይላሉ። ስፖንሰሩ ላይ ያላቸው እጅ አጭር መሆኑን እረዳለሁ። ቢራና ባንክ ማስታወቂያ የሚከፍለው ለሳቂታ ወጣት ነው፤ ማስታወቂያ ከሌለ ድራማም የለም። ስለ ተመልካቹ የሚሉት ግን ልክ አይመስለኝም።

ማስረጃው በየቤታችን አልፏል። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ሲጀምር የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አቀረበ። ባሕር ዳር ውስጥ ማታ ማታ ቡና የሚፈላው ድራማው ሲጀምር የሆነባቸው ቤቶች ብዙ ነበሩ። በእነዚያ ድራማዎች ውስጥ እናት ማን ናት? የቤተሰቡን ድርጅት የምትመራ፣ ልጆቿን እንደ ቼዝ የምታንቀሳቅስ፣ የድሮ ፍቅሯ የሚመለስባት፣ ምስጢሯ ክፍሎችን ሁሉ የሚያሯሩጥ ሴት ናት። ልጆቹ ከሚዋደዱት በላይ እሷ ምን ታደርግ ይሆን እያለ ሰው ይጠብቅ ነበር። በአማርኛ ድምፅ የሰጧት ደግሞ የእኛው ተዋናዮች ናቸው። ስለዚህ ተመልካቹ ስልሳ ዓመት የሞላትን ሴት ታሪክ ለመከተል እምቢ ብሎ አያውቅም። ያቀረበለት የውጭ ደራሲ ሆነ እንጂ።

ሙዚቃው ላይም አስቴር አወቀ አለች። ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗት አዳራሽ ትሞላለች፤ የሚሞላው ሰው ውስጥ የልጅ ልጇ እኩዮች አሉ። ውጭ ሚሼል ዮ እ.ኤ.አ. በ2023 በ60 ዓመቷ፣ ፍራንሲስ ማክዶርማንድ በ2021 በ63 ዓመቷ ኦስካር ወስደዋል። በዚያው ዓመት በረዳት ተዋናይነት የወሰደችው ደቡብ ኮሪያዊቷ ዩን ዩ ጁንግ 73 ዓመቷ ነበር። እነዚህ ጥቂት ናቸው፤ ከላይ ያለውን የ3 ለ32 ቁጥር አይሽሩትም። ሰው አያይም የሚለውን ግን ይሽራሉ።

እኔ የበለጠ የምፈርደው ድርሰቱ ላይ ነው። ድራማ የሚጽፉልን በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፤ ከእነሱም የሚበዙት ወንዶች ናቸው። እናቱን የሚጽፈው እንደ ልጅ ሆኖ ነው። ልጅ ደግሞ የእናቱን ምኞት አይጠይቅም፤ ምሳ ደርሷል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቃት። አንዳንዴ ደግሞ ሚናው ሲገኝ እንኳ ለሠላሳ አምስት ዓመት ተዋናይት ይሰጣል፤ ጸጉሯ ላይ ነጭ ዱቄት ይነሰነሳል፣ ድምጿን ታወፍራለች፣ ጎበጥ ትላለች። እውነተኛዎቹ ባለሙያዎች ቤታቸው ቁጭ ብለው ያዩታል።

ባሕር ዳር ይህን ለመቀየር ከአዲስ አበባ ፈቃድ አያስፈልጋትም። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን መቀመጫው እዚሁ ነው። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ አለው። የሬዲዮ ድራማ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ መጨማደድ አይታይም፣ ወገብ አይለካም፣ የሚያስፈልገው ድምፅና ትወና ነው። ስፖንሰሩም ስለ ፊት መከራከር አይችልም። አንዲት የስልሳ ዓመት ተዋናይት በሬዲዮ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆና ዓመት ሙሉ መሥራት ትችላለች። ዓመት ሙሉ የሚከፈላት ማለት ነው።

ታሪኩም ቅርብ ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲከፈት ከተማዋን የቀየረው ገጠር የነበሩ ልጃገረዶችን ጭምር ወደ ማሽን በማምጣት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ ሴት ፈትሏል፣ ሸምኗል፣ ፈረቃ ገብቷል። ንጉሡን፣ ደርግን፣ ኢሕአዴግን እዚያው ማሽን ላይ ሆነው አሳልፈዋል። በደመወዛቸው ቤት ሠርተዋል፤ አንዳንዶቹ ባል ፈትተው ልጆች አሳድገዋል። ዛሬ ጡረታ የወጡት እዚሁ ከተማ ውስጥ እየኖሩ ነው። ከእነሱ አንዷን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገ ድራማ እኔ አላየሁም።

እንዲህ ያለችው ሴት ጡረታ በወጣች ማግስት ምን ትፈልጋለች? ምናልባት ሃያ ዓመት ያላናገረቻትን የፈረቃ ጓደኛዋን ማግኘት። ምናልባት ልጆቿ ሊሸጡት የተስማሙበትን ቤት አልሸጥም ማለት። ምናልባት ማታ ትምህርት ቤት ገብታ ያቋረጠችውን ስምንተኛ ክፍል መጨረስ፣ ወይም ዘጌ ላይ ቡና የሚነግድ አንድ ሽማግሌ አግብታ ልጆቿን ማስደንገጥ። ደራሲው ከመጻፉ በፊት ከሦስት አራቱ ጋር ቁጭ ብሎ ቡና ቢጠጣ፣ እኔ ከገመትኩት የተሻለ ይነግሩታል። ሚናውንም ለመጫወት የሚችሉት ተዋናዮች አልጠፉም፤ ስልካቸው በየፕሮዲውሰሩ ስልክ ውስጥ ተመዝግቧል፤ የሚደወልላቸው ግን የለቅሶ ትዕይንት ሲኖር ነው።